ክሊፕ ለምትቀርጹ ተማሪዎች፦ ዘፈኑን በእጥፍ አፍጥናችሁ ክፈቱት

ለመመረቂያ ሥራዬ የጓደኞቼን የሮክ ባንድ ክሊፕ ስቀርጽ ዘፋኙ በዝግታ ሲንቀሳቀስ እንዲታይ ፈለግሁ። እንደ ሞኝ በተለመደው ፍጥነት ቀርጬ ኤዲቲንግ ላይ አዘገየሁት። ከንፈሩ ሌላ፣ ግጥሙ ሌላ! ግማሽ ቀን ቀረጻ ገደል ገባ።

መላው ቀላል ነው። ካሜራውን በሰከንድ 50 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ላይ አድርጉት፤ ዘፈኑን ደግሞ በእጥፍ ፍጥነት ክፈቱና ዘፋኙ እሱን እየተከተለ ይዝፈን። (ሲያዩት እንደ ካርቱን ያስቃል፣ ቻሉት።) ከዚያ ኤዲቲንግ ላይ ቀረጻውን በሰከንድ 25 ፍሬም እንዲሄድ ስታዘገዩት ከንፈሩ ከዋናው ዘፈን ጋር ይገጥማል፤ ፀጉሩና ጭሱ ግን ቀስ ብሎ ይንሳፈፋል። ዘፈኑ ራሱ ፈጣን ከሆነ ምላስ ያስራል፣ ስለዚህ ለሁለት ሦስት ስንኝ ብቻ ተጠቀሙበት። ዘፋኙም ቀድሞ ቤቱ ይለማመደው።

ድራም መቺው ስፒከሩን ስለማይሰማው የጆሮ ማዳመጫ ስጡት።

ሸተሩን (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/100 ሰከንድ ላይ አድርጉት። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ (በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ደብዘዝ ይላል)፣ በሌላ ቁጥር በፍሎረሰንት ስር ከቀረጻችሁ ምስሉ ሊርገበገብ ይችላል። እኔ ይህን ያወቅሁት ባንዱ ዕቃውን ጭኖ ከሄደ በኋላ ነው።