ሰርቨሮችን ለሊፕ ሰከንድ ማዘጋጀት

የመሬት ዙረት እንደ አቶሚክ ሰዓት ወጥ ስላልሆነ፣ የዓለም የጋራ ሰዓት የሆነው ዩቲሲ ከመሬት ዙረት ከ0.9 ሰከንድ በላይ እንዳይርቅ ሲባል እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ አልፎ አልፎ አንድ ሰከንድ ሲጨመርበት ቆይቷል። ይህ ጭማሪ ሊፕ ሰከንድ ይባላል። እስካሁን 27 ጊዜ የተጨመረ ሲሆን የመጨረሻው የገባው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2016 መጨረሻ ላይ ነው። ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆንበትን ዓመት ማንም ሰው ከብዙ ዘመን በፊት ሊያሰላው ይችላል፤ ሊፕ ሰከንድ ግን እንዲህ ያለ ቀመር የለውም። የመሬትን ዙረት የሚለካው ዓለም አቀፍ አገልግሎት ውሳኔውን የሚያሳውቀው ስድስት ወር ገደማ ሲቀረው በመሆኑ፣ የሲስተም አስተዳዳሪ ሁልጊዜ ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት።

ችግሩን ለመረዳት የመጨረሻውን ሊፕ ሰከንድ በቅርበት ማየት ይጠቅማል። ከ23:59:59 በኋላ 23:59:60 የሚባል ሰከንድ ገባ፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይህ የሆነው ታኅሣሥ 23 ቀን 2009 ዓ.ም. ልክ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሊሆን ሲል ነበር። ሰርቨሮች የሚጠቀሙበት የዩኒክስ ሰዓት፣ ማለትም ከ1970 መጀመሪያ ወዲህ ያለፉትን ሰከንዶች የሚቆጥረው፣ ግን እያንዳንዱ ቀን 86,400 ሰከንድ ብቻ እንዳለው አድርጎ ስለሚቆጥር፣ 23:59:59ን በ1483228799፣ ቀጣዩን 00:00:00ን ደግሞ በ1483228800 ይመዘግባል፤ በመካከላቸው ለገባው ሰከንድ የሚሆን ቁጥር የለውም። ሊኑክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ይህን የሚያልፈው ቆጠራውን አንድ ሰከንድ ወደ ኋላ መልሶ 1483228799ን ሁለት ጊዜ በመቁጠር ነው። በ59.9 ሰከንድ ላይ የተመዘገበን ክፍያ ከ0.2 ሰከንድ በኋላ ሌላ ክፍያ ቢከተለው፣ ሁለተኛው በ59.1 ላይ ይመዘገባል፤ ከመጀመሪያውም በ0.8 ሰከንድ የቀደመ ይመስላል።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከፕሮግራሙ ነው። አንድ ነገር ስንት ጊዜ እንደፈጀ ለመለካት የቀን ሰዓትን ከቀን ሰዓት መቀነስ ስሕተት ነው፤ ለዚህ ተግባር ወደ ኋላ የማይመለሰውን ሞኖቶኒክ ሰዓት መጠቀም ያስፈልጋል። በፓይተን ሞኖቶኒክ፣ በጃቫ ናኖታይም የሚባሉት ጥሪዎች ለዚሁ የተዘጋጁ ናቸው። ክላውድፍሌር የተባለው የኢንተርኔት ኩባንያ የዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስሞችን ወደ አድራሻ የመተርጎም) አገልግሎት በዚያው ሌሊት የተስተጓጎለው በዚህ ምክንያት ነበር፦ ጎ (Go) በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈው ፕሮግራም ሁለት ሰዓቶችን ሲያቀናንስ ከዜሮ በታች የሆነ ውጤት አገኘ፤ ያን ቁጥር የተቀበለው የዘፈቀደ ቁጥር አውጪም ፕሮግራሙን አቆመው። የመዝገቦችን ቅደም ተከተል በሰዓት ብቻ የሚወስን ዳታቤዝ ካለ ደግሞ፣ እያደገ የሚሄድ መለያ ቁጥር ሊጨመርለት ይገባል።

ቀጥሎ ሰከንዱ በምን መንገድ እንደሚገባ መወሰን ያስፈልጋል። አንደኛው መንገድ ከላይ የታየው በአንድ ጊዜ መመለስ ነው። ሁለተኛው ማለስለስ ሲሆን፣ ጉግል በሚጠቀምበት አሠራር ጭማሪው ከአንዱ ቀን የዩቲሲ እኩለ ቀን እስከ ማግስቱ እኩለ ቀን ይሰራጫል፤ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 9 እስከ ማግስቱ 9 ማለት ነው። እያንዳንዱ ሰከንድ በሚሊዮንኛ ሰከንድ 11.6 ያህል ብቻ ስለሚረዝም፣ ወደ ኋላ የሚመለስ ሰዓት ፈጽሞ አይኖርም። ትክክለኛ ዩቲሲ በሕግ ወይም በሥራው ጠባይ የማይጠየቅ ከሆነ፣ በእኔ አስተያየት ለአብዛኛው ድርጅት የሚሻለው ይህ ነው።

ከሁሉ በላይ ሊጠበቅ የሚገባው ግን ሁለቱን መንገዶች አለመቀላቀል ነው። አንዱ ሰርቨር ሰዓቱን ከጉግል ወይም ከአማዞን የሚያለሰልስ አገልግሎት፣ ሌላው ከማያለሰልስ ምንጭ ቢወስድ፣ በሊፕ ሰከንዱ አካባቢ እስከ ግማሽ ሰከንድ ይለያያሉ። በአንድ ማሽን ላይ ሁለቱንም ዓይነት ምንጮች መዘርዘር ደግሞ የባሰ ነው፤ የማሽኑን ሰዓት በኔትወርክ ከምንጮች ጋር የሚያስተካክለው የኤንቲፒ ፕሮግራም የትኛውን ምንጭ ማመን እንዳለበት ይምታታበታል። ስለዚህ የሁሉንም ማሽኖች፣ ራውተሮችንና የካሜራ መቅረጫዎችን ጨምሮ፣ የሰዓት ምንጭ መርምሮ አንድ ማድረግ ይገባል። ክሮኒ የተባለውን የኤንቲፒ ፕሮግራም የሚጠቀም ድርጅት ከውስጥ አንድ ወይም ሁለት ማሽኖችን የሰዓት ሰርቨር አድርጎ፣ በእነርሱ ላይ ሊፕ ሰከንዱ የሚገባበትን መንገድ የሚወስነውን ሊፕሴክሞድ ወደ ስሊው (ቀስ በቀስ ማስተካከል) በማዞርና ለሌሎች የሚሰጠውን ሰዓት የሚያለሰልሰውን ስሙዝታይም የተባለ መመሪያ ለሊፕ ሰከንድ ብቻ በማብራት፣ ሌሎቹ ማሽኖች በሙሉ ከእነርሱ ብቻ እንዲወስዱ ማድረግ ይችላል።

የሊፕ ሰከንዶች ዝርዝር ፋይል የሚያበቃበት ቀን ስላለው፣ በየስድስት ወሩ መታደሱን ማረጋገጥ አስፈላጊ ነው። ክሮኒ የሰዓቱን ሁኔታ ሲያሳይ ሊፕ ስታተስ በሚለው መስመር ላይ በአዘቦት ቀን ኖርማል የሚል ይነበባል፤ ባልታወጀበት ቀን ሰከንድ ሊጨመር ነው የሚል ምልክት ከታየ ምንጩ ተሳስቷል ማለት ነው።

ሙከራውን ከሌላው ኔትወርክ በተነጠለ ማሽን ላይ ያካሂዱ። የኤንቲፒ አገልግሎቱን ያጥፉ፤ ሰዓቱን ከዩቲሲ እኩለ ሌሊት ጥቂት ደቂቃ ቀደም አድርገው ያስተካክሉ፤ የሊኑክስን ሰዓት በሚቆጣጠረው የአድጅታይምኤክስ ጥሪ የሰከንድ ጭማሪ ምልክቱን ያብሩና ፕሮግራሞችዎ ሥራ ላይ እያሉ ይጠብቁ። እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ሎጉን ብቻ ሳይሆን የፕሮሰሰሩን ጫናም ይመልከቱ፤ እ.ኤ.አ. በጁን 30 ቀን 2012 በሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) ውስጥ የነበረ ስሕተት የቀሰቀሰው ችግር የታየው በዚያ ነው፤ የጃቫና የማይኤስኪውኤል ሰርቨሮች ያለ ሥራ ፕሮሰሰሩን ሲያጨናንቁ፣ ብዙዎቹ የተረጋጉት ሰዓቱ እንደገና ሲሞላ ወይም ማሽኑ ተዘግቶ ሲከፈት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2022 የመለኪያዎች ጠቅላላ ጉባኤ በዩቲሲና በመሬት ዙረት መካከል የሚፈቀደው ልዩነት በ2035 ወይም ከዚያ በፊት እንዲሰፋ ወስኗል። እስከዚያ ግን ሰከንድ ሊጨመር ይችላል፤ ታይቶ የማያውቀው ቅነሳም በደንቡ የተፈቀደ ነው። ስለዚህ ሙከራውን የቅነሳ ምልክቱን አብርተው ይድገሙት፤ ሰዓቱ ከ23:59:58 በቀጥታ ወደ 00:00:00 ሲያልፍ በ23:59:59 እንዲጀምር የታዘዘ ሥራ ካለ ሳይዘለል መፈጸሙን ያረጋግጡ።