ከዳሌ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሆድ ድርቀትን መቆጣጠር፦ ማለስለሻ መድኃኒት እንዴት ይወሰዳል፣ እንዴትስ ይቀነሳል?

ለማህፀን መውረድ፣ ለፊስቱላ (በብልትና በፊኛ ወይም በፊንጢጣ መካከል ለተከፈተ ቀዳዳ) ወይም ማህፀን ለማውጣት ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ሴት ከሆስፒታል ስትወጣ ስለ ቁስሉ ብዙ ይነገራታል። ስለ ሆድ ድርቀት የሚነገራት ግን አብዛኛውን ጊዜ «ውሃ ጠጪ፣ አታምጪ» የሚል ብቻ ነው። ሰገራው ከደረቀ አለማማጥ አይቻልም፤ ባማጡ ቁጥር ደግሞ ጫናው የሚያርፈው በተሰፋው ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ማለስለሻ ሆድ ሲዘጋ የሚዋጥ ሳይሆን እንዳይዘጋ በዕቅድ የሚወሰድ መድኃኒት ነው።

ድርቀቱ ከብዙ አቅጣጫ ይመጣል። ትራማዶልና ኮዴይን የተባሉት የሕመም ማስታገሻዎች አንጀትን ያዘገያሉ፤ የብረት ክኒን ያደርቃል፤ መተኛትና ምግብ መቀነስ ይጨመርበታል። አንዳንዴ በቀዶ ሕክምናው የተነኩ ነርቮች እስኪያገግሙ ድረስ የመጸዳዳት ስሜቱ ራሱ ይደበዝዛል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ሕመሙን ፈርቶ መያዝ ነው፤ ሰገራ በቆየ ቁጥር አንጀት ውሃውን እየመጠጠ ያጠነክረዋል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሆድ እስከ 2ኛው ወይም 4ኛው ቀን ባይሄድ አያስደነግጥም። ሐኪም ሌላ ካላዘዘ በስተቀር የተለመደው መነሻ ላክቱሎስ ሽሮፕ ነው፦ ጠዋት 15 ሚሊ ሊትር፣ ማታ 15 ሚሊ ሊትር። የሚለካው ከጠርሙሱ ጋር በሚመጣው ክዳን ነው፤ ክዳኑ ከጠፋ አንድ ሙሉ የሾርባ ማንኪያ ይቀርበዋል። የሚሠራው ከ1 እስከ 2 ቀን ቆይቶ ስለሆነ «ዛሬ አልሠራም» ብሎ በዚያው ቀን መደራረብ ነገ ተቅማጥ ያመጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ሆድ መንፋቱና ጋዝ መብዛቱ የተለመደ ነው፣ እየቀነሰ ይሄዳል። ስኳር ያለበት ሰው ሽሮፑ ጥቂት ስኳር እንዳለው ይወቅና ለሐኪሙ ይንገር። በላክቱሎስ ፈንታ ማክሮጎል የተባለው ማለስለሻ ዱቄት ከተገኘ የሚያመጣው ጋዝ አነስተኛ ስለሆነ ይመረጣል፤ 17 ግራም በአንድ ብርጭቆ ውሃ ይበጠበጣል።

በ3ኛው ቀን ምንም ካልመጣ አንጀትን የሚያነቃቃው ቢሳኮዲል 5 ሚሊ ግራም አንድ ክኒን ማታ ይጨመራል፤ በማግስቱም ካልሠራ ሁለት ይሆናል። ክኒኑ አይሰበርም፣ አይታኘክም፤ ከወተት ወይም ከጨጓራ ማስታገሻ ጋርም አይወሰድም፤ ቢያንስ የ1 ሰዓት ልዩነት ይፈልጋል። ሽፋኑ ጨጓራ ውስጥ ከሟሟ ያቅለሸልሻል፣ ሆድም ይቆርጣል። በፊንጢጣ የሚገባ ክኒንና ኤኒማ (በፊንጢጣ የሚሰጥ ፈሳሽ) ግን የተሰፋው ቦታ ለፊንጢጣ ቅርብ ከሆነ ያለ ቀዶ ሐኪሙ ፈቃድ ፈጽሞ አይነኩም።

ሰዓቱን ከመንገዱ ጋር ማስማማት

አዲስ አበባ ዳር ለሚኖር ሰው ትልቁ እንቅፋት ሰዓት ነው። አንጀት በብርቱ የሚነሳው ቁርስ ከተበላ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ነው፤ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከቡራዩ ወይም ከለገጣፎ ወደ መሀል ከተማ የሚሄድ ሰው ደግሞ በዚያ ሰዓት ታክሲ ተራ ቆሟል ወይም መንገድ ላይ ነው። ስሜቱን ይይዘዋል፣ ማታም አይመለስለትም። ቢያንስ በማገገሚያው ወራት ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መነሳት፣ አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ መጠጣት፣ ቁራሽ ዳቦም ቢሆን መቅመስ፣ ከዚያ ስሜት ባይኖርም መቀመጥ ያስፈልጋል። ከ10 ደቂቃ በላይ ግን አይቀመጡ።

ቢሳኮዲል የሚሠራው ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ነው። ማታ 3 ሰዓት የተወሰደ ክኒን ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ድረስ ሊነሳ ይችላል ማለት ነው። 12 ሰዓት ላይ ከቤት የሚወጣ ሰው ክኒኑን ወደ ምሽቱ 1 ሰዓት ቢያመጣው መንገድ ላይ የመጨነቅ ዕድሉ ይቀንሳል።

አቀማመጡም ለውጥ ያመጣል። ጉልበት ከዳሌ ከፍ ሲል የፊንጢጣው ማጠፊያ ይቃናል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ላለ መቀመጫ ከእግር ሥር ባለ 15 ወይም ባለ 20 ብሎኬት በጎኑ አጋድሞ ማስቀመጥ በቂ ነው፤ ከግንባታ የተረፈ በየግቢው አይጠፋም። ክርንን ጉልበት ላይ አሳርፎ ወደ ፊት ዘንበል ማለት፣ አፍን ከፍቶ መተንፈስ፣ ትንፋሽ ይዞ አለመግፋት። የማህፀን መውረድ በቀዶ ሕክምና ለተስተካከለላት ሴት ንጹሕ ጨርቅ ወይም ሞዴስ አጥፎ በብልትና በፊንጢጣ መካከል በእጅ ደገፍ ማድረግ ስፌቱን ያሳርፈዋል። የጉድጓድ ሽንት ቤት ቁጢጥ አቀማመጥ ለአንጀት ጥሩ ነው፤ ችግሩ ጉልበትና ስፌት እስኪጠናከር መነሳቱ ነውና ግድግዳው ላይ የሚያዝ ነገር ይሠራ።

ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ውሃም ከማማጥ የማይተናነስ ጫና ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቀጂ አስቀድሞ ይዘጋጅ፤ መቼ መሸከም እንደሚቻል የሚወስነው ቀዶ ሐኪሙ ነው።

ምግብና ጾም

ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና የጤፍ እንጀራ ያለው ማዕድ በቃጫ (ፋይበር) አይታማም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው ውሃ ነው። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ከሌለ በቀን ወደ 2 ሊትር ይጠጣ፤ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ያላት የፊስቱላ ታካሚ ሆስፒታሉ የነገራትን መጠን ትከተል። ተልባ ይረዳል፦ ተቆልቶ የተፈጨ አንድ የሾርባ ማንኪያ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ፣ ሳይጠለል። ሲጠለል ቃጫው ወንፊቱ ላይ ይቀራል። ከሌላ መድኃኒት 2 ሰዓት ይራቅ፤ ትራማዶል እየተወሰደ ወይም ሆድ ተዘግቶ ሳለ ግን ተልባ ማብዛት ክምሩን ይጨምራል እንጂ አያወጣም።

በሁዳዴ እስከ ከሰዓት ሳይበሉ መቆየት የጠዋቱን የአንጀት ጥሪ ያጠፋዋል። ከቀዶ ሕክምና ገና የተነሳ ሰው የንስሐ አባቱን ቢጠይቅ መልካም ነው። በረመዳን ደግሞ ላክቱሎሱ ወደ ኢፍጣርና ሱሁር ይዛወራል፣ ውሃውም በሁለቱ መካከል ተከፋፍሎ ይጠጣል። ኮሶና እንቆቆ የትል መድኃኒቶች እንጂ ማለስለሻ አይደሉም፤ ስፌት ያለበት ሆድ አይቻላቸውም። ማቅጠኛ ተብለው የሚሸጡ ሻዮችም ብዙ ጊዜ ሴና የተባለው አንጀት አነቃቂ ቅጠል ስላለባቸው ከቢሳኮዲል ጋር ሲደረቡ መጠኑ ሳይታወቅ እጥፍ ይሆናል።

ለወራት ሲወሰድ

«አንጀት ይለምዳል» የሚለው ፍርሃት ሰውን ከሚገባው በላይ ያስጨንቃል። በታዘዘው መጠን የሚወሰድ ላክቱሎስ ወይም ማክሮጎል ለወራት ሊቀጥል ይችላል፤ ቢሳኮዲልና ሴናም በትክክለኛ መጠን አንጀትን እንደሚያበላሹ የሚያሳይ በቂ ማስረጃ የለም። የሚጎዳው መጠን ማብዛት ነው፤ ተቅማጡ ፖታሲየም ያሳጣል፣ ድካምና የልብ ምት መዛባት ያመጣል። ማግኒዥየም ያለበት ማለስለሻ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው አይሆንም።

መጠን ማብዛት የሚጀምረው ከአንድ የተሳሳተ ግምት ነው። ሰው ሁለት ቢሳኮዲል ይውጥና ሆዱ ሙልጭ ብሎ ይጸዳል። ባዶ የሆነው አንጀት እስኪሞላ 2 ወይም 3 ቀን ምንም አይመጣም፤ መምጣትም የለበትም። ሰውየው ግን «ደግሞ ተዘጋ» ብሎ ሦስት ይውጣል። ስለዚህ ቀን አይቁጠሩ፣ ጥንካሬውን ይዩ። በሳምንት 3 ጊዜ ለስላሳ ሆኖ ሳያስምጥ ከወጣ በቂ ነው።

እንዲህ ሆኖ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ከቆየ መቀነስ ይጀመራል። ሁለት ዓይነት የሚወስዱ ከሆነ በቅድሚያ የሚቀነሰው ቢሳኮዲል ነው፦ በየማታው የነበረው በሁለት ቀን አንዴ፣ ከዚያ በሦስት ቀን አንዴ፣ ከዚያ ማቆም። ቀጥሎ ላክቱሎስ በየሳምንቱ 5 ሚሊ ሊትር ይቀነሳል። ከተጠናከረ ወደ ነበረው መጠን መመለስ ነው፣ እንደ ሽንፈት አይታይ። በአንድ ጊዜ ሁሉንም ማቆም ግን ድርቀቱን ይመልሳል።

ሰገራው ለስላሳ ሆኖ እያለ አልወጣም ካለ መድኃኒት መጨመር አይጠቅምም። ሲገፉ የዳሌ ጡንቻው በመላላት ፈንታ እየተጨበጠ ሊሆን ስለሚችል ፊዚዮቴራፒ ይጠይቁ። ሳይታወቅ የሚያመልጥ ቀጭን ፈሳሽም ሁልጊዜ ተቅማጥ አይደለም፤ በደረቀው ክምር ጎን ሾልኮ የሚወጣ ሊሆን ይችላልና ከቀናት ድርቀት በኋላ ከመጣ የተቅማጥ ማቆሚያ ሳይወስዱ ይመርመሩ። ፊንጢጣ አካባቢ ያለው አንጀቱ ተቆርጦ የተቀጠለ ሰው ቶሎ ቶሎ መቀመጥ ስለሚያስቸግረው ይህ መመሪያ አይመለከተውም።

ሆድ ተነፍቶ ጋዝ እንኳን አልወጣ ካለ፣ ማስመለስ፣ ትኩሳት፣ ደም፣ ሽንት መዘጋት፣ ወይም በብልት በኩል ጋዝና ሰገራ መውጣት ከታየ ማለስለሻ አይጨመርም፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ነው። ጠርዝ ሰፈሮች ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ታክሲ ስለሚጠፋ መኪና ያለው ጎረቤት ወይም የባጃጅ ሹፌር ስልክ አስቀድሞ ይያዝ፤ የመውጫ ወረቀቱና የሚወሰዱት መድኃኒቶች ዝርዝርም በአንድ ፌስታል ውስጥ በሩ አጠገብ ይቀመጥ።