የተበየደ ስቴንለስ ስቲል በባሕር ውሃ ሲዝግ፦ እኔን የሠራልኝ

የባሕር ውሃ የሚያልፍበት 316ኤል (የስቴንለስ ስቲል ዓይነት) ቱቦ ነው። ከብየዳው ግራና ቀኝ ቡናማ እድፍ ይወጣል፤ እድፉ ሲጠረግ ከሥሩ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ጉድጓዶች ይታያሉ። የቀረው ብረት ግን እንደ አዲስ ያበራል።

በስቴንለስ ሽቦ ብሩሽ ፈተግኩት። ለጊዜው ጠራ፣ ከዚያ ተመልሶ መጣ። (የተራ ብረት ብሩሽማ ጭራሽ አታስጠጉት፣ ብናኙ ራሱ ይዝጋል።) የብየዳ ዘንግ ቀየርኩ፤ ምንም።

ፍንጩ ቀለሙ ነበር። ከብየዳው ጎን የሚቀረው ሰማያዊና ቡናማ ጥላ በሙቀት የተፈጠረ ኦክሳይድ ነው፤ ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀውን ክሮሚየም ወደ ላይ ስለሚስበው ከሥሩ ክሮሚየም የሳሳበት ስስ ንጣፍ ይቀራል፣ በባሕር ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድም የሚበሳው እሱን ነው።

ውጭውን ናይትሪክና ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ያለበት የፒክሊንግ ፓስታ (ኦክሳይዱንና ከሥሩ ያለውን ስስ ንጣፍ የሚያነሳ ቅባት) ቀባሁት። ጥላው ሙልጭ ብሎ ሲለቅ በብዙ ንጹሕ ውሃ አጠብኩት። ውስጡ እጅ ስለማይደርስበት ቆርጬ እንደገና በየድኩት፣ አሁን ግን ቱቦውን አርጎን በተባለ ጋዝ ሞልቼ፣ ኦክስጅኑ ወጥቶ እስኪያልቅ ታግሼ። ብርማ ሆኖ ወጣ። ዝገቱም ቆመ።

አደራ፣ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ጓንት፣ የፊት መከለያና ካልሲየም ግሉኮኔት ጄል (አሲዱ ቆዳ ከነካ የሚቀባ) አጠገባችሁ ሳይኖር ፓስታውን አትክፈቱት። ውሃው ሞቃትና የማይንቀሳቀስ ከሆነ ደግሞ 316ኤል ራሱ አይበቃም፤ እንደ 2507 ያለ ሱፐር ዱፕሌክስ (ዝገትን ይበልጥ የሚቋቋም የስቴንለስ ዓይነት) ይሻላል።