ኮሞዶር 64 ከማብራታችሁ በፊት

ዓመታት የተቀመጠ ኮሞዶር 64 (የድሮ የቤት ኮምፒውተር) ካገኛችሁ ለማብራት አትቸኩሉ። መጀመሪያ አዳፕተሩን ኮምፒውተሩ ላይ ሳትሰኩ በመልቲሜትር ለኩት። 5 ቮልት ዲሲ እና 9 ቮልት ኤሲ ነው የሚያወጣው፤ ጣጣ ያለው 5ቱ ላይ ነው። ውስጡ ያለው ሬጉሌተር (ቮልቴጁን ልክ የሚያደርገው ክፍል) ሲያረጅ ቮልቴጁ ሽቅብ ይወጣና የኮምፒውተሩን የራም (የማስታወሻ) ቺፖች ያቃጥላል። ከ5.25 ካለፈ በጭራሽ አትሰኩት። ብዙዎቹ አዳፕተሮች ውስጣቸው በሙጫ የተደፈነ ስለሆነ መጠገኑም ልፋት ነው። እኔማ ደህና ቢለካም አላምነውም፣ በአዲስ እቀይረዋለሁ።

ኃይሉ ደህና ሆኖ፣ ቀዩ መብራት በርቶ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነስ? አንድ ደቂቃ አቆይታችሁ አጥፉና የራም ቺፖቹን በጣት ጫፍ ነካ ነካ አድርጉ። ከጎረቤቶቹ ተለይቶ የሚፋጅ ካለ እሱን ጠርጥሩ። ከሌለ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ፒኤልኤ የሚባለው፣ የትኛው ቺፕ መቼ እንደሚሠራ የሚመርጠው ቺፕ ነው።