ስለ ቤዝቦል ተጫዋች ብቃት፣ ስለ ውልና ስለ ቡድን ውጤት በማስረጃ ለመከራከር

የቤዝቦል ደጋፊዎች ክርክር መቋጫ የሚያጣው አብዛኛውን ጊዜ መረጃ ስለጎደለ ሳይሆን ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች አንድ ላይ ስለሚታጨቁ ነው። «ይህ ሰው ያን ሁሉ ገንዘብ በልቶ ቡድኑን የት አደረሰው?» የሚል ተከራካሪ ተጫዋቹ ምን ያህል ጎበዝ እንደሆነ፣ ውሉ ለክለቡ ያዋጣ እንደሆነና ቡድኑ ለምን እንደተሸነፈ በአንድ ትንፋሽ እየጠየቀ ነው። ሦስቱም የየራሳቸው ማስረጃ አላቸው፤ ስለዚህ መልስ ከመስጠትዎ በፊት የተነሳው ጥያቄ የትኛው እንደሆነ ይለዩ፣ ተከራካሪዎ ወደ ሌላው ሲዘልም ወደ ጀመረው ይመልሱት።

ብቃትን በተመለከተ በመጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ሁሉም ሰው በቃሉ የሚያውቀው የምት አማካይ ነው፤ ምክንያቱም ይህ ቁጥር መቺው አራት የተበላሹ ኳሶችን በትዕግሥት አሳልፎ በነፃ ወደ መጀመሪያው ቤዝ (ነጥብ ለማስቆጠር በየተራ ከሚረገጡት ማረፊያዎች አንዱ) የሄደበትን ጊዜ ጨርሶ አይቆጥርም። ለምሳሌ ሁለት መቺዎች እያንዳንዳቸው 600 ጊዜ ለመምታት ቀረቡ እንበል። አንደኛው 30 ጊዜ በነፃ ሄዶ ከቀሪው 570 ውስጥ 171 ጊዜ በተሳካ ምት ቤዝ ቢደርስ አማካዩ 0.300 ይሆናል። ሁለተኛው 100 ጊዜ በነፃ ሄዶ ከቀሪው 500 ውስጥ 130 ቢሳካለት አማካዩ 0.260 ብቻ ስለሆነ በወሬ ደረጃ የበታች ይመስላል። ነገር ግን የመጀመሪያው ቤዝ የደረሰው 201 ጊዜ ሲሆን ሁለተኛው 230 ጊዜ ደርሷል። የ29 ልዩነት ቀላል አይደለም፤ አንድ ቡድን በሙሉ ጨዋታ ውስጥ ያለው የአውት (መቺ ወይም ሯጭ ከሜዳ የሚወጣበት) ድርሻ 27 ነውና፣ ልዩነቱ ከአንድ ሙሉ ጨዋታ ይበልጣል። ስለዚህ ቤዝ የመድረስ መጠንን ያስቀድሙ፣ ከዚያም ምቱ ስንት ቤዝ እንዳስገኘ የሚያሳየውን የኃይል መለኪያ ይጨምሩበት።

ለወርዋሪ ደግሞ «ስንት አሸነፈ?» የሚለውን ጥያቄ ቢተዉት ይሻላል፤ ድሉ የሚመዘገብለት የራሱ ቡድን መቺዎች ነጥብ ሲያስቆጥሩለት ነውና። ጄኮብ ዲግሮም በ2018 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለኒው ዮርክ ሜትስ ሲወረውር በየ9 ኢኒንጉ (የአንድ ሙሉ ጨዋታ ዙሮች) ከተከላካዮች ስህተት ያልመጣ በአማካይ 1.70 ነጥብ ብቻ እየተቆጠረበት 10 አሸንፎ 9 ተሸነፈ፤ የናሽናል ሊግ (ከፍተኛው የቤዝቦል ውድድር የሆነው ሜጀር ሊግ ከሚከፈልባቸው ሁለት ምድቦች አንዱ፤ ሌላው አሜሪካን ሊግ ነው) ምርጥ ወርዋሪ የሚያገኘው የሳይ ያንግ ሽልማት ግን የእርሱ ሆነ።

የተጫዋቹን ምት፣ ሩጫና መከላከል በአንድ ቁጥር የሚጠቀልለው «ዋር» የሚባለው መለኪያ በቀላሉ ከሚገኝ ተተኪ ተጫዋች ይልቅ ለቡድኑ ስንት ድል እንደጨመረ ይገምታል። በ2012 ሚጌል ካብሬራ በአሜሪካን ሊግ 0.330 አማካይ፣ 44 ሆም ራን (መቺው ሁሉንም ቤዝ ዞሮ ነጥብ የሚያስቆጥርበት ምት) እና 139 በምቱ ያስገባቸው ነጥቦችን ይዞ በሦስቱም ሊጉን በመምራት ከ1967 ወዲህ የመጀመሪያው የሦስትዮሽ ዘውድ ባለቤት ሲሆን፣ አዲሱ ማይክ ትራውት ግን 49 ቤዝ ሰርቆና በመሐል ሜዳ ብዙ ኳስ አድኖ በዋር በሰፊ ልዩነት በልጦት ነበር። የኮከብነቱን ሽልማት ካብሬራ ወሰደ። በእኔ እምነት የተሻለው ተጫዋች ትራውት ነበር፤ ሆኖም ይህንን የሚያነሳ ሰው ዋር ግምት መሆኑን፣ በተለይም የመከላከል ክፍሉና የወርዋሪዎች ስሌት እንደ አስሊው እንደሚለያይ ሊያምን ይገባል። በግማሽ ድል ልዩነት «ይህ ከዚያ ይበልጣል» ብሎ መጮህ ዋጋ የለውም። እንዲሁም ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በምትገኘውና ኳስ በስስ አየር ርቆ በሚበርባት ዴንቨር የተመታ ሆም ራን ከባሕር ዳር ከተማ ምት ጋር እኩል እንዳይቆጠር፣ ውድድሩ ገና ሲጀመር ያለው የሚያዝያ ወር ቁጥርም ለዓመቱ ፍርድ እንዳይሆን ይጠንቀቁ።

ወደ ውል ሲገቡ ተጫዋቹ ገንዘቡን በምን ደረጃ ላይ ሆኖ እንዳገኘው ይጠይቁ። በሜጀር ሊግ አንድ ተጫዋች በነፃ ገበያ ወጥቶ ክለብ ለመምረጥ በመደበኛው አሠራር የስድስት ዓመት አገልግሎት ያስፈልገዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ደመወዙ ከዝቅተኛው ወለል ብዙ አይርቅም፤ ወለሉ በ2025 760,000 ዶላር ነበር። ስለዚህ ወጣቱን ከአንጋፋው ጋር አነጻጽሮ «ይህ ርካሽ ነው፣ ያ ዘራፊ ነው» ማለት ሥርዓቱን እንጂ ሰዎቹን አይመዝንም።

የውሉ ጠቅላላ ድምርም ያታልላል። ሾሄ ኦታኒ በታኅሣሥ 2023 ከሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ጋር የፈረመው የ10 ዓመት ውል 700 ሚሊዮን ዶላር ቢባልም፣ ከዚህ ውስጥ 680 ሚሊዮኑ ያለ ወለድ ከ2034 እስከ 2043 የሚከፈል ስለሆነ ሊጉ ለቅንጦት ታክስ (የደመወዝ ወጪው ከተወሰነ ጣሪያ ያለፈ ክለብ የሚከፍለው) ስሌት የያዘው በዓመት 46 ሚሊዮን ገደማ ነው። ስለ ውል ሲከራከሩ ዓመቱን፣ ተጫዋቹ ሲፈርም የነበረውን ዕድሜና የተላለፈውን ክፍያ አብረው ያንሱ። አልበርት ፑሆልስ 32 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ከኤንጀልስ ጋር የ10 ዓመት የ240 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ፤ ውሉ ሳያልቅ በግንቦት 2021 ተሰናበተ። በሜጀር ሊግ ውል በአብዛኛው ሙሉ በሙሉ የተረጋገጠ ስለሆነ ክለቡ ቀሪውን ከመክፈል አላመለጠም። እዚህ ላይ ጥፋቱ የተጫዋቹ ሳይሆን ዕድሜን ችላ ብሎ የፈረመው ክለብ ነው ብዬ እከራከራለሁ።

የቡድን ውጤት ከሁሉም በላይ ያጨቃጭቃል። ዓመቱ 162 ጨዋታ አለው፤ የጥቅምቱ ጥሎ ማለፍ ግን አጭር ስለሆነ ዕድል ሰፊ ቦታ ያገኛል። ሲያትል ማሪነርስ በ2001 116 ጨዋታ አሸንፎ ለፍጻሜው አልደረሰም፤ ሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ በ2006 83 ብቻ አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ስለዚህ «ዋንጫ ካልበላ ምኑን ቡድን ሆነ?» ለሚል ሰው በዓመቱ ያስቆጠረውንና የተቆጠረበትን ነጥብ ያሳዩት። የቤዝቦል ስታቲስቲክስ ተንታኙ ቢል ጄምስ በቀመረው ስሌት ያስቆጠረውን ነጥብ ራሱን በራሱ ያባዙ፣ የተቆጠረበትንም እንዲሁ ያባዙ፣ የመጀመሪያውን ለሁለቱ ድምር ያካፍሉ። 800 አስቆጥሮ 700 የተቆጠረበት ቡድን 0.566 ስለሚያገኝ 92 ያህል ጨዋታ ማሸነፍ ነበረበት። 84 ብቻ አሸንፎ ከሆነ ክርክሩ «ደካማ ቡድን ነው» ከሚለው ይልቅ በአንድ ነጥብ ልዩነት በተሸነፈባቸው ጨዋታዎች ላይ ቢሆን ይበጃል።

ገንዘብም ብቻውን አይበቃም፤ ሜትስ በ2023 በጊዜው ክብረ ወሰን የሆነ የደመወዝ ወጪ አውጥቶ 75 አሸንፎ 87 ተሸነፈ። አንድ ኮከብ ደግሞ ከዚያ ያነሰ ኃይል አለው፤ መቺ በአንድ ጨዋታ ውስጥ ተራው የሚደርሰው አራት ወይም አምስት ጊዜ ብቻ ነው። ትራውት ሦስት ጊዜ የአሜሪካን ሊግ ኮከብ ሲባል ኤንጀልስ ከእርሱ ጋር ጥሎ ማለፍ የገባው በ2014 ብቻ ሲሆን፣ በዚያም በካንሳስ ሲቲ ሮያልስ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፎ ወጣ። ይህን ታሪክ በትራውት ላይ የሚያነሳብዎ ሰው ካለ፣ በእነዚያ ዓመታት ለኤንጀልስ የወረወሩትን ሰዎች ስም እንዲዘረዝርልዎ ይጠይቁት።