የሆድና የዳሌ ጉዳት ኮድ እንዴት ይሰጣል? «ሆድ ይፍጀው» ሳይባል

ካርድ ክፍል ውስጥ አንዲት ኮድ አለች፤ «ሆድ ይፍጀው» ነው የምንላት። የመዝገብ ስሟ ኤስ39.9 ነው። በአይሲዲ-10፣ ማለትም በዓለም ጤና ድርጅቱ የበሽታና የጉዳት ኮዶች ዝርዝር፣ «ያልተገለጸ የሆድ፣ የታችኛው ጀርባና የዳሌ ጉዳት» ማለት ነው። ሰው ሆዱን ተመቶ ይመጣል። ሐኪሙ «የሆድ ጉዳት» ብሎ ይፈርማል። እኛም ኤስ39.9 ብለን ቀጣዩን ካርድ እንስባለን። ፈጣን ናት፤ ማንም አይቆጣም። ቢያንስ እስከ ወሩ መጨረሻ።

መጀመሪያ ካርዱን ከኋላ ወደ ፊት አንብቡ። ይህን የተማርኩት ሜክሲኮ አካባቢ ስሠራ ነው፤ ያውም ተዋርጄ። አንድ ሰውዬ መንገድ ሲሻገሩ ሚኒባስ ገጭቷቸው ገቡ። የድንገተኛ ክፍሉ ወረቀት «ብላንት አብዶሚናል ትራውማ፣ አርቲኤ» ይላል። ቆዳ ሳይበሳ የደረሰ የሆድ ጉዳት ማለት ነው፤ አርቲኤ የመኪና አደጋ ነው። እሱን አየሁ፣ ኤስ39.9 ሰጠሁ፣ ምሳ ወጣሁ። የኦፕሬሽን ኖቱ፣ የቀዶ ሕክምናው ማስታወሻ፣ ከኋላ ነበር። ሁለት ገጾች በፕላስተር ተጣብቀው እንደ አንድ ወረቀት ገልጬ አልፌያቸዋለሁ። ጣፊያቸው ተሰንጥቆ በቀዶ ሕክምና ወጥቷል። ኮዱ ኤስ36.0 መሆን ነበረበት። ኢንሹራንሱ «ምኑ እንደተጎዳ ላልታወቀ ሆድ የቀዶ ሕክምና ክፍያ?» ብሎ ሰነዱን መለሰው። ባለቤታቸው ነጠላቸውን ተከናንበው ያንን ደረጃ ሲወጡ ሲወርዱ ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድም ቀን አልተቆጡኝም። የባሰው እሱ ነው።

ከዚያ የኮዱን ቤተሰብ ምረጡ። ኤስ30 ላዩ ላይ የቀረ ምት ነው፣ ኤስ31 ክፍት ቁስል፣ ኤስ32 የወገብና የዳሌ አጥንት ስብራት፣ ኤስ35 የደም ሥር። ኤስ36 የሆድ ዕቃ ነው፦ ጉበት 36.1፣ ትንሹ አንጀት 36.4። ኤስ37 ኩላሊት (37.0)፣ የሽንት ፊኛ (37.2) እና የዳሌ ውስጥ አካላት። ከአይሲዲ-10 ጥራዝ 3 ማውጫ ጀምሩ፣ ጥራዝ 1 ላይ ሳታረጋግጡ ግን አትጻፉ።

«ያልተገለጸ» ራሱ ደረጃ አለው። የውስጥ አካል መጎዳቱ ተረጋግጦ የትኛው እንደሆነ ካልታወቀ ኤስ36.9 ነው፤ የዳሌ ውስጥ አካል ከሆነ ኤስ37.9። ወደ ኤስ39.9 የሚወረደው ይህም ሳይታወቅ ሲቀር ነው። በታካሚው ቃል ብቻም አትሂዱ። «ወገቤን» ያለ ሰው ኩላሊቱ ሊሆን ይችላል፣ አጥንቱም፣ ጡንቻውም። ሦስቱም ኮዳቸው ለየቅል ነው። ሳይመታ ሆዱን የሚያመው ሰው ደግሞ አር10 ነው፤ ጉዳት ውስጥ አትክተቱት።

አሁን ከባዱ፦ ሐኪሙን መጠየቅ። አልትራሳውንዱ «ሆድ ውስጥ ነጻ ፈሳሽ አለ» ይላል እንበል። ፈሳሹ ከጣፊያ ይሁን ከጉበት ግን አይናገርም። እናንተም አትናገሩ። ከውጤት ወረቀት ተነስቶ ዲያግኖሲስ መፍጠር የእኛ ሥራ አይደለም። ኮሪደር ላይ ይዞ «ዶክተር፣ ጣፊያው ነው አይደል?» ማለትም አይሆንም። ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ ኢንተርን (ተለማማጅ ሐኪም) «እእ፣ አዎ» ይላችኋል። መልሱን እናንተው አጉርሳችሁታል፤ ነገ ሰነዱ ሲመረመር የሚፈርመው የለም።

እኔ በጽሑፍ ነው የምጠይቀው፣ በሦስት መስመር። «ዶክተር፣ አልትራሳውንዱ ነጻ ፈሳሽ ያሳያል። ዲያግኖሲሱ የሆድ ጉዳት ብቻ ይላል። የተጎዳው አካል ከታወቀ እባክዎ ካርዱ ላይ ይጻፉልን፤ ካልታወቀም እንዳልታወቀ ይግለጹልን።» ሁለተኛው ምርጫ የግድ ነው፤ አለበለዚያ ጥያቄው ግፊት ይሆናል። መልሱ ቀንና ፊርማ ኖሮት ካርዱ ውስጥ ይግባ። በስልክ የተነገረኝን መዝግቤ አላውቅም፣ ወደፊትም አልመዘግብም። ሰዓቱም ወሳኝ ነው፦ ሐኪሞቹ ከሞርኒንግ፣ ከጠዋቱ ስብሰባቸው፣ ሲወጡ፣ ማኪያቶ ሳይዙ።

የጉዳቱን ምክንያትም አትርሱ። ኤስ ኮድ ምን እንደተጎዳ ይናገራል፤ እንዴት እንደተጎዳ የሚናገረው በቪ፣ በደብልዩ፣ በኤክስ ወይም በዋይ የሚጀምር ኮድ ነው። ከመወጣጫ እንጨት ላይ የወደቀ የግንባታ ሠራተኛ ደብልዩ12 ነው፤ ከሕንፃው ከራሱ ከወደቀ ደብልዩ13። የኔው ሰውዬ፣ መንገድ ላይ የተገጩት እግረኛ፣ ቪ03.1 ናቸው። ሚኒባስ በአይሲዲ-10 ትርጓሜ ከአውቶቡስ ሳይሆን ከመኪና ጋር ነው የተመደበው፤ መኪና ማለት እስከ 10 ሰው የሚጭን ነው ይላል። የእኛን ታክሲ በሥራ መውጫ ሰዓት አላዩትም።

ቀንና ሰዓት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ነርሷ «12/5/2017፣ ጠዋት 3፡40» ብላ ጽፋለች፤ ጥር 12 ማለቷ ነው። የሲቲ ስካኑ ማሽን ጃንዋሪ 20፣ 2025፣ 9፡40 ብሎ ያትማል። አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት ነው። ሳያስተውል ያየ ግን ታካሚው ከመጣ ከዓመታት በኋላ ሲቲ የተነሳ ይመስለዋል። ከእያንዳንዱ ቀን አጠገብ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ጻፉ፤ ሌላ ብልሃት የለውም።

ጉግል ላይ ኮድ መፈለግ አልወድም። የሚያመጣላችሁ የአሜሪካኑን ነው፦ ኤስ39.91ኤክስኤ ለሆድ፣ ኤስ39.93ኤክስኤ ለዳሌ። መጨረሻ ላይ ያለችው ኤ የመጀመሪያ ዙር ሕክምና ላይ መሆኑን ታሳያለች። ለእነሱ ትክክል ነው። በዓለም ጤና ድርጅቱ አይሲዲ-10 ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ጭራ የለም። አንድ ባልደረባዬ አንዴ እንዳለ ገልብጦ አስገብቶት ነበር፤ ሲያርም አመሸ።

ኤስ39.9 ጨርሶ አትጻፍ እያልኩ አይደለም። ባለፈው አንድ ልጅ ከፒያሳ ሌሊት አመጡ። የደም ግፊቱ ወርዷል፣ ሆዱ ተወጥሯል፣ ሲቲው ተበላሽቷል። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሪፈር ተጽፎለት በአምቡላንስ ወጣ። ምኑ እንደተጎዳ እኛ ዘንድ ያወቀ የለም። ኤስ39.9 ሰጠሁት፤ ከጎኑም «ምርመራ ሳይደረግ ሪፈር የተባለ» ብዬ የሪፈሩን ግልባጭ አያያዝኩበት።