የእትብት ደም ይቀመጥ ወይስ ይቅር? እንዴት እንደሚወሰን

ውጭ አገር ያለ ዘመድ ደውሎ «የሕፃኑን የእትብት ደም አስቀምጡለት፤ ወጪውን እኔ እችላለሁ» ሲል እምቢ ማለት ይከብዳል። ነገሩ ሕፃኑ ሲወለድ እትብቱና እንግዴ ልጁ ውስጥ የሚቀረውን ደም ቀድቶ፣ ወደፊት ለሕክምና እንዲሆን ውጭ አገር ባለ ድርጅት በክፍያ ማስቀመጥ ነው። ደብረ ማርቆስ ላለነው ለእኛም ይህ ጥያቄ መጥቶብናል። እሺ ከማለታችሁ በፊት እነዚህን እዩ።

1. ቤተሰቡን ጠይቁ። በእትብት ደም ውስጥ ደም የሚሠሩ ስቴም ሴሎች አሉ። እንደ መቅኔ ለሉኪሚያና በዘር ለሚተላለፉ አንዳንድ የደም በሽታዎች ሕክምና ይውላሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 ፓሪስ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞከር፣ ታማሚው ልጅ የወሰደው አዲስ የተወለደች እህቱን ደም ነበር። ስለዚህ ከታላላቆቹ አንዱ እንዲህ ያለ ሕመም ካለበት ሳትዘገዩ የደም ሐኪም አማክሩ።

ታማሚ ከሌለስ? «ለልጁ የሕይወት ዋስትና» የሚለውን ማስታወቂያ አልወደውም። በሽታው ከዘር የመጣ ከሆነ የተቀመጠው ደምም ያንኑ ጉድለት ይዟል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም ቤተሰቡ ውስጥ ታማሚ ከሌለ በግል ማስቀመጥን አይመክርም።

2. እትብቱ መቼ እንደሚታሰር ከአዋላጇ ጋር ተነጋገሩ። ከሁሉ የሚያስቸግረው ይህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ቢያንስ 1 ደቂቃ ሳይሞላ እትብቱ እንዳይታሰር ይመክራል። በዚያች ጊዜ ደም ከእንግዴ ልጁ ወደ ሕፃኑ ይፈሳል። የብረት ክምችቱን ይጨምርለታል፣ በኋላ ከደም ማነስ ይጠብቀዋል።

ለማስቀመጥ የሚቀዳው ግን እትብቱና እንግዴ ልጁ ውስጥ የቀረው ደም ነው። በቆያችሁ ቁጥር የሚቀዳው ያንሳል። ደም እንዲበዛ ብሎ ቶሎ ማሰር ከሕፃኑ መንጠቅ ነው፤ በዚህ አልደራደርም። ምጥ ከጀመረ በኋላ ይህን የሚያስረዳ ሰው አይገኝም። ክትትል ላይ እያላችሁ ተናገሩ፣ ካርዱ ላይም አስጽፉ።

3. መንገዱን አስቡ። ደሙ ብዙውን ጊዜ በ48 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የዓባይ በረሃ አለ፣ ከዚያ ደግሞ አውሮፕላን። ምጥ እሑድ ሌሊት በክረምት ዝናብ ቢመጣ ማን ነው የሚረከበው? ድርጅቱ የተረካቢውን ስምና ስልክ ካልሰጣችሁ ተዉት።

4. ውሉን አንብቡ። ደሙ በፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ለዓመታት ይቀመጣል፣ በየዓመቱም ይከፈልበታል። ዘመዳችሁ መክፈል ቢያቆም ወይም ድርጅቱ ቢዘጋ ደሙ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ጠይቁ።